የጎሬን ዳገት ያለ ጥቁር ጭስ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ አንድ መኪና ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ከሞተር ጋር ስታገል ኖሬያለሁ። ስንት የጭነት መኪና፣ ስንት ትራክተር፣ ስንት ጄኔሬተር በእጄ አልፏል። መቱ ላይ በዕድሜ የሚቀርቡኝ ሰዎች ግን ሲያገኙኝ «ያቺን አምቡላንስ ታስታውሳታለህ?» ነው የሚሉኝ። አስታውሳታለሁ እንጂ! ዛሬ በቤቴ በር ብታልፍ በድምፅዋ ብቻ እለያታለሁ። የአሁኖቹ መካኒኮች የጭስ ምርመራ ሲባል ቱቦ አስገብቶ ከማሽን ላይ ወረቀት መቅደድ ነው የሚመስላቸው፤ እኛ አንዲት ቦሎ ለማግኘት የሆነውን ስነግራቸው እያጋነንኩ እንደሆነ ያስባሉ። እንግዲህ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጎሬ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ አንድ በአንድ ወደ መቱ የሚዛወሩበት ጊዜ ስለነበር ጋራዡ ውስጥ ከሠራተኛው ይልቅ የታሸገው ሣጥን ይበዛ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ የታጠበ ዕቃ በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠው፣ ወረቀቱ ዘይት ከነካው እንደገና እጠብ የሚሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዘንድ አንድ ዓመት ሙሉ ከማጠብ በቀር ምንም አልሠራሁም፤ ግን እያንዳንዱን ብሎን በእጄ አወቅሁት። ከዚያ በደሌ ተዛወርኩ። የበደሌው አለቃ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ለውይይት ክበብ ሰብስቦን፣ ጭነት መኪኖቹ ከነጭነታቸው በር ላይ ተሰልፈው እስከ ቀትር ይጠብቁን ነበር። እዚያ የተማርኩት መቸኮልን ነው። ከውይይቱ ስንወጣ ሁሉም ሾፌር የኔን ቶሎ እያለ ይጮኻል፤ እኔም ቶሎ ማድረስን እንደ ሙያ ቆጠርኩት።

በመጨረሻ መቱ መጣሁ፤ የዝውውር ደብዳቤዬ ከእኔ ሁለት ወር ዘግይቶ ደረሰ። መቱ ላይ ጋሼ ሽኩርን አገኘሁ።

ጋሼ ሽኩር የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከቡታጅራ አካባቢ መጥተው ኢሉባቦር የቀሩ፣ ኦሮምኛውን ከአገሬው ሰው እኩል የሚናገሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ኮፋኖ ከመክፈታቸው በፊት ሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው መኪናዋን ያስነዷታል። በመንገድ አንድ ቃል አይናገሩም። ሲመለሱ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ መቼ ጀመራት፣ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ምን ተነካ፣ ምን ይሸትሃል። ቀጥሎ ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ ያወጡና ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይይዛሉ። የተያዘውን ጥላሸት በጣታቸው አሽተው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ እንደ ደብዳቤ ያነቡታል። ደረቅ ነው፣ ቅባት አለው፣ ይቆረቁራል እያሉ ለራሳቸው ያንሾካሹካሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለውጡም። አንዱን ይለውጣሉ፣ የለወጡትን በጠመኔ ኮፋኖው ሥር ይጽፋሉ፣ መኪናዋን ያስነዳሉ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ሌላው ያልፋሉ። እኔ እጄን ሁለተኛው ብሎን ላይ ሳሳርፍ «ኤጊ» ይሉኛል፤ ቆይ ማለታቸው ነው። ሥራው ሲጠምምባቸው ደግሞ ትተውት ሊሰግዱ ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን ይዘው ይመለሱ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እያለ ነው ያንን ጥፋት ያጠፋሁት።

የቡና ወቅት ነበር። ኢተፋ የሚባል ሾፌር፣ የመቱ ልጅ፣ በዕድሜም እኩያዬ፣ መኪናው ጭነት አልስብ ብሎት መጣ። ጋሼ ሽኩር ለሥራ ወደ ጋምቤላ መንገድ ወጥተው ነበር። ኢተፋ ቡናው ዝናብ ሳይመታው መድረስ እንዳለበት ነገረኝ። እኔም ሳልነዳ፣ ሳልጠይቅ፣ የናፍታ ፖምፓውን የእርሳስ ማኅተም ሰበርኩና የነዳጁን ብሎን አንድ ዙር ተኩል ከፈትኩት። ሞተሩ አገሣ። ኢተፋ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ። ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲሄድ ከኋላው ቆሜ ስመለከት ኮርቼ ነበር፤ ጭሱ ጉልበት መሰለኝ።

በማግስቱ የጎሬ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ በዝቶበት ፒስተኑ ቀለጠ። ሞተሩ ደርቆ ቆመ፤ መኪናው ከነጭነቱ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ኢተፋ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ አፈሩ ግድግዳ ጠምዝዞ ነው ነፍሱን ያተረፈው። ታዲያ የዚያን ዘመን ሰው እንደሚያውቀው የመንግሥት መኪና ቡና ጭኖ መንገድ ላይ ሲቀር ብልሽት ነው ብሎ የሚያልፈው የለም፤ አሻጥር ነው ተባለ። ኢተፋ ታሰረ። መርማሪዎቹ ጋራዥ መጥተው ፖምፓውን ማን እንደነካው ጠየቁ። እኔ ማንም አልነካውም አልኩ።

ጋሼ ሽኩር ፖምፓውን አገላብጠው አዩት። የተሰበረውን ማኅተም አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ለመርማሪዎቹ ግን የነገሯቸው ሾፌሩ ምንም ጥፋት እንደሌለበት፣ ጥፋቱ የጋራዡ መሆኑን፣ የጋራዡ ዋና መካኒክም እሳቸው መሆናቸውን ነው። ኢተፋ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። ከጭነት መኪና ግን አነሱት። ጋሼ ሽኩርም ከዋና መካኒክነት ወርደው ተራ ሠራተኛ ሆኑ፤ በቦታቸው ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ጓድ ደምሴ ነበር። እኔን ለብቻዬ ሲያገኙኝ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

«ፖምፓ ራሱን በራሱ አይፈታም፣ ግርማ።»

ሁለት ዓመት ያህል ያቺን ቃል ይዤ ዞርኩ። ኢተፋን መንገድ ላይ ሳየው ሰላምታዬ ያጥር ነበር።

ኋላ የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሞተር ሞተ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ይመጣል እየተባለ ክረምቱ አለፈ፤ ከኖፓና ከሶር ወንዝ ወዲያ ያለው ሕመምተኛ በቃሬዛ ይመጣ ጀመር። ጋሼ ሽኩር አንድ ቀን ከግቢያችን ጥግ ሣር የበቀለበትን፣ ከአንድ የመንገድ ሥራ የተረፈ የተገለበጠ መኪና ዞረው ዞረው አዩ። አካሉ ተጨማዷል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነበር፤ ቱርቦ ያለው ሞተር። በዚያን ጊዜ መቱ ላይ ቱርቦ ያየነው ጥቂቶች ነበርን። ቱርቦ በጭሱ ትንፋሽ የምትሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ እየተሽከረከረች አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ትሰዳለች፣ ሞተሩም ከቁመቱ በላይ ይጎለብታል።

ያንን ሞተር አውጥተን አምቡላንሷ ላይ ለመግጠም ሁለት ወር ፈጀብን። የሞተር ማቀፊያውን ቆርጠን በየድን። ከቱርቦዋ ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ጎማ ከትራክተር ራዲያተር ቱቦ ቆርጠን አበጀነው። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሣ ቀን ያቺ ቀጭን ፉጨት ስትሰማ ጠቅላላ ጋራዡ ሥራ አቁሞ መጣ። ነጂዋ ማን ሆነ? ኢተፋ። ከጭነት መኪና ካነሱት ወዲህ ሆስፒታሉ ነበር የወሰደው። ሌላው መኪና በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስትበትን የጎሬ ዳገት እሷ በሦስተኛ ትወጣዋለች። የሆስፒታሉ አዋላጅ ሲስተር ዘነበች በመስኮት ብቅ ብላ ስታልፍ፣ ለጭነት መኪኖቹ ሾፌሮች እጇን ታወዛውዝ ነበር።

ከዚያ የዓመታዊው ምርመራ ቡድን ከጅማ መጣ።

መርማሪው አቶ ኃይሉ የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው እንደማይገጥም ወዲያው አዩ፤ እሱን በደብዳቤ እናስተካክላለን አሉ። ያሳሰባቸው ጭሱ ነው። ነጭ ወረቀት ጭስ ማውጫው ላይ ይዘው ኢተፋን ሦስት ጊዜ ነዳጅ እንዲረግጥ አዘዙት። ወረቀቱ ጠቆረ። ከቦርሳቸው ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ደረጃ የተቀባ ካርድ አውጥተው አስተያዩት። የሚፈቀደው ሁለተኛው ደረጃ ነው፤ የእኛ አራተኛ ላይ አረፈ። የተለወጠ ሞተር ስለሆነም በቆመበት ብቻ ሳይሆን ዳገት ላይም አያታለሁ አሉ። ጎሬ ሦስት ቀን ሠርተው ሲመለሱ ካላለፈች ታርጋዋ እንደሚፈታ ነግረውን ሄዱ። አሮጌው ቦሎ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል።

ጓድ ደምሴ ሰበሰበን። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ቱርቦዋን ለአንድ ቀን አውልቀን፣ ፖምፓውን ዘግተን እናሳልፋት፣ ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ እንመልሳታለን። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሽኩር ነጩን ጨርቅ ከኪሳቸው አወጡ። ጥላሸቱ እንደ ጨለማ ሌሊት ጥቁር ነበር።

«መርማሪው እውነቱን ነው» አሉ። «ይኼ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ወረቀቱን ብናታልለው ፒስተኑን አናታልለውም። አንድ ቀን ሴት ጭና ዳገት ላይ ትቀርብናለች።»

ፒስተን ሲሉ ጆሮዬ ጋለ። ጓድ ደምሴ ሦስት ቀን ሰጠን።

በመጀመሪያው ቀን የአየር ማጣሪያውን ለወጥን። የድሮው ሞተር ማጣሪያ ለቱርቦዋ ጠባብ ነበር፤ ከተበላሸ የጭነት መኪና ትልቁን አውጥተን ገጠምን። ጋሼ ሽኩር በጠመኔ ጻፉ። ጭሱ አንድ ደረጃ ሳሳ። ደስታችን ግን አልቆየም፤ ዳገት ላይ ስትሞከር ያው ጥቁር ሆነች። በቆመችበት የሚጠፋ፣ ስትጫን ብቻ የሚመጣ ነገር ነበር። ጋሼ ሽኩር ሊሰግዱ ሄዱ። ሲመለሱ፣ አየሩ የሚጎድለው በመንገድ ላይ ነው፣ ስለዚህ መታየት ያለበት በመንገድ ላይ ነው አሉ። ኮፋኖውን አውልቀን አንድ ሰው ከፊት ጎማው በላይ ባለው ፓራፋንጎ ላይ ተጋድሞ ሞተሩን እያየ ዳገቱን ይውጣ ማለታቸው ነው።

እኔ እሆናለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የጎሬ ዳገት ሥር ደረስን። ኢተፋ ወገቤን በገመድ ከመከላከያው ጋር ያስረኝ ጀመር። ያኔ የሱ መኪና ወደ ኋላ የተንሸራተተበት ዳገት ነው፤ እሱ ግን ቋጠሮውን አንድ በአንድ ያጠብቃል። መናገር ነበረብኝ።

«ኢተፋ፣ ያኔ ፖምፓውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስትታሰር አውቄ ዝም አልኩ።»

ቋጠሮውን ጨረሰ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንተ ከፍተህ እኔ አይደለሁ ያመሰገንኩህ? ሳትነግረኝ አውቃለሁ» አለ። ገመዱን ሳብ አድርጎ ፈተሸ። «አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንድ ቀን መጥተህ ትናገራለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር። ዘገየህ። አሁን አጥብቀህ ያዝ፤ እኔ ሱታ ነው የምነዳው፣ አትፍራ።»

ሱታ፣ ቀስ ብዬ ማለቱ ነበር፤ ዳገቱን ሲይዝ ግን ሱታ አልነበረም። ሞተሩ ከፊቴ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያገሣል። ሙቀቱ ፊቴን ይለበልበኛል፣ የጫካው ቅጠል ጠል ጀርባዬ ላይ ይረግፋል፣ የቱርቦዋ ፉጨት ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። ዓይኔን ከትራክተር ቱቦ ካበጀነው የአየር ጎማ ላይ አልነቀልኩም። መታጠፊያውን አልፈን ኢተፋ እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ጎማው እንደ ጉንጭ ተነፋ፤ ከታች በኩል፣ መኪናዋ ስትቆም በማይታይበት ቦታ፣ ስንጥቁ እንደ ከንፈር ተከፈተና አየር ተፋ። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ጥቁር ጭስ ተነሣ። ነዳጁ እንደልቡ ይገባል፣ አየሩ ግን መንገድ ላይ ይፈስሳል! ብረቱን በጡጫዬ እየደበደብኩ አገኘሁት አገኘሁት እያልኩ ጮህኩ። ኢተፋ የተጎዳሁ መስሎት ፍሬን ያዘ። ስስቅ ሲያየኝ እሱም ሳቀ። ከታሰረ ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጎማውን መካከለኛ ክፍል በብረት ቧንቧ ተካነው፤ ጎማ የቀረው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ሆነ፣ በድርብ ማሰሪያ ጠበቀ። ተነዳች፣ በጠመኔ ተጻፈ። ጭሱ ወደ ግራጫ ተለወጠ። የቀረው ፖምፓው ነበር። ጋሼ ሽኩር ካቻቢቴውን ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀብዬ ብሎኑ ላይ አሳረፍኩት።

«ሩብ ዙር» አሉኝ። «ከዚያ ኤጊ።»

ሩብ ዙር ዘጋሁ። እጄንም አነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ ተብሎ ስንጠብቅ፣ ጠዋት ሲስተር ዘነበች ጋራዡ ድረስ በእግሯ መጣች። ኖፓ ላይ አንዲት ሴት ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት፣ ልጁ በአግድም መጥቷል፣ ቀዶ ጥገና ካላገኘች ትሞታለች። ጓድ ደምሴ ያለ ቦሎ መኪና ከወጣ ሁላችንም እንደምንጠየቅ ተናገረ፤ ልክ ነበር፣ የሱም ስም ነው ወረቀቱ ላይ ያለው። ኢተፋ ግን ሞተሩን አስነሥቶ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ሽኩር የኋላውን በር ከፍተው እኔን በዓይናቸው አስገቡኝ። ቧንቧው ገና አንድ ቀን ነው የተሞከረው፤ ቢለቅ የሚያስረው ሰው ያስፈልጋል።

ኬላው ላይ ፖሊሱ መስታወቱን አይቶ ገመዱን አላነሣም። ቦሎ ጠየቀ። ሲስተር ዘነበች አንገቷን አወጣች።

«ቦሎ የለንም፣ ወንድሜ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ግን አለችን።»

ፖሊሱ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ገመዱን አነሣ።

ከኖፓ ስንመለስ ጭቃው እስከ ጎማው ወገብ ነበር። ሴትዮዋ ከኋላ ተኝታለች፣ እናቷ እጇን ይዛ በኦሮምኛ ታጽናናታለች፣ ሲስተር ዘነበች ተንበርክካ ሆዷን ታዳምጣለች። እኔ የማዳምጠው ፉጨቱን ነው። ኢተፋ ዳገት ሲይዝ ፉጨቱ ይወጣል፣ ይቀጥናል፣ አይቆረጥም። በእያንዳንዱ መታጠፊያ አሁን ይለቃል እያልኩ ካቻቢቴዬን እጨብጣለሁ፤ አልለቀቀም። አንዴ እንኳ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሳይወርድ መቱ ገባን!

የሆስፒታሉ በር ላይ አቶ ኃይሉ ቆመዋል። ጋራዥ ሄደው ያለንበትን ሰምተው ነው የመጡት። ጋሼ ሽኩርና ጓድ ደምሴ ከኋላቸው አሉ። ሴትዮዋ በቃሬዛ እስክትገባ ጠበቁ። ከዚያ ሞተሩን እንዳታጠፋ አሉ ለኢተፋ፤ ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ያዙ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሡት። እንደ ቀዘቀዘ አመድ የሳሳ ግራጫ። ከካርዱ ጋር አስተያዩት፤ ከአንደኛውና ከሁለተኛው መካከል ዋለ። እንደገና አስረገጡት። ያው ነው። ምን እንዳደረግን ጠየቁ፤ ጋሼ ሽኩር ኮፋኖውን ከፍተው የጠመኔውን ጽሑፍ አንድ በአንድ አሳዩአቸው። አቶ ኃይሉ ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ቅጽ አወጡ። የተለወጠ ሞተር ስለሆነ ፖምፓውን ያስተካከለው መካኒክ በስሙ መፈረም አለበት፤ ነገ ዳገት ላይ አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሁላችንም ያ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነ እናውቅ ነበር። ጓድ ደምሴ ወደ ጫማው አየ። ጋሼ ሽኩር ብዕሩን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ እንደዚያኛው ጊዜ ሊሸከሙልኝ ነው። ቀደምኳቸው።

«ፖምፓውን የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ኢተፋ መሪው ላይ ተደግፎ ያየኛል። ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ጋሼ ሽኩር እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ያን ቀን ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ነገር ከሠላሳ ዓመት ደመወዝ አላወዳድረውም።

አቶ ኃይሉ የዳገቱ ሙከራ ይቀረናል አሉ። ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ እስኪያልቅ ከሰዓት በላይ አለፈ፤ ልንነሣ ስንል ሲስተር ዘነበች ከውስጥ መጥታ በመስኮቱ በኩል እናትም ልጅም መትረፋቸውን ነገረችንና ተመልሳ ገባች። አቶ ኃይሉ ከኢተፋ አጠገብ፣ ጋሼ ሽኩርና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። የጎሬን መንገድ ያዝን። ዳገቱ ሥር ሁለት የቡና መኪኖች እያቃሰቱ ይወጡ ነበር። ኢተፋ ጥሩንባ ነፋና በሦስተኛ ማርሽ አለፋቸው፤ አቶ ኃይሉ ሳያስቡት ጣሪያውን ይዘው ሲስቁ ሰማኋቸው። ጋሼ ሽኩር ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጣሉ። እኔ ደግሞ ፊቴን የኋላው መስታወት ላይ ለጥፌ የወጣነውን መንገድ አያለሁ። ቀዩ አፈር፣ ሁለቱ መኪኖች፣ ከነሱም ወዲያ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ድረስ ዛፉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር።